በጁባ ስብከት ያመላለስኩባቸው ዓመታት

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያስተማርኩበት የሐዋሳ ትምህርት ቤት ትንሽ ግብዣ አዘጋጀልኝ። ርዕሰ መምህሩ ማይክራፎኑን አቀበለኝና «መምህርት ዘነበች፣ ከዚህ ሁሉ የማስተማር ዘመን የትኛው ነው በጣም የሚያኮራዎት?» አለኝ። የእነሱን ትምህርት ቤት እንድጠራ እንደጠበቁ ያስታውቃል። እኔ ግን ሳላስበው «ጁባ» አልኩ። «ጁባ ላይ ሰባኪዎችን ያስተማርኩበት ሁለት ዓመት።»

ጁባ ሲባል እዚህ ሰው የሚያስበው ወይ ንግድ ወይ ጦርነት ነው። ከኋላ አንዱ «ጴንጤ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ኬኩ የሚቆረስበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ማስረዳት አልቻልኩም። አሁን ግን ጊዜ ሞልቶኛል።

ሥራ የጀመርኩት ጋምቤላ ነው። አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ከሚቀመጡት ግማሾቹ ከድንበር ማዶ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ጋትዌች ይባላል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የእጅ ጽሑፉ ከክፍሉ ሁሉ የሚያምር የኑዌር ልጅ። አድጎ፣ አግብቶ፣ አገሩ ነፃ ስትወጣ ጁባ ገባ። አንድ ቀን ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ እዚህ አዲስ የግል ትምህርት ቤት ተከፍቷል። አስተማሪ ቸግሯቸዋል። ለምን አይመጡም?»

ባሌ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር፤ ልጆቼም ራሳቸውን ችለዋል። ሄድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋትዌች ሙኑኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ የኪራይ ግቢ ወሰደኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። ዩኒተሪያን የሚባሉ ክርስቲያኖች ጉባኤ ነበር። እግዚአብሔር አንድ ነው ይላሉ፣ እዚያ ላይም ያቆማሉ፤ ሥላሴ የሚባል ነገር የላቸውም። በቃል የሚደገም የእምነት መግለጫም የላቸውም። መድረኩ ለቄስ ብቻ የተተወ አይደለም፤ የተማረና የተዘጋጀ ማንኛውም አባል ይሰብካል። ስብከቱ ሲያልቅ ደግሞ የመልስ ሰዓት የሚሉት አለ፤ ሰሚው እየተነሣ ይጨምራል፣ ይጠይቃል፣ ይቃወማል።

እኔ ሥላሴ ደጅ ያደግኩ ሴት ነኝ። መጀመሪያ ቀን እግሬ ወደ በሩ እየተሳበ ነው የተቀመጥኩት። ያ የመልስ ሰዓት ግን አስተማሪነቴን ያዘው። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ እጁን አውጥቶ «አልስማማም» እንዲለኝ እየለመንኩ ኖሬ፣ እዚህ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ሰባኪውን በቁም ነገር ትሞግተዋለች። በሚቀጥለው እሑድም ተመለስኩ።

ጉባኤውን የሚመሩት ሙዜ ኦኬሎ ነበሩ። ሙዜ ሽማግሌ ማለት ነው። ኡጋንዳዊ፣ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ። አስተማሪ መሆኔን ሲያውቁ የትምህርት ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ፤ ቅዳሜ አዋቂዎችን ስብከት ማስተማር፣ እሑድ ልጆችን መያዝ። ክፍያው ቦዳቦዳ ከሚሉት የሞተር ታክሲና ከሻይ ወጪ ብዙ አያልፍም።

ስብከት የሚሠራ ነገር መሆኑን ያየሁት ከእሳቸው ነው። በእርሳስ ይጽፋሉ፣ አንድ ገጽ ብቻ። ከዚያ ላጲስ ያነሡና በዓይናቸው ያላዩትን፣ በራሳቸው ያልደረሰባቸውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያጠፋሉ። አንዳንዴ ከአንድ ገጽ አራት መስመር ይተርፋል። ከአራቱ መስመር ተነሥተው እንደገና ይጽፋሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ያንን ገጽ ይዘው ይወጣሉ፤ ስብከቱን አይወደውም ብለው ለሚያስቡት ሰው ሄደው ያነባሉ። ሀብታምን ሊገሥጹ ከሆነ ለሀብታም፣ ወጣቱን ሊመክሩ ከሆነ ለወጣት። በመልስ ሰዓት ከልጆቹ አጭር በርጩማ አንዱን ስበው ይቀመጣሉ፤ የሚናገረው ሰው ከላይ፣ እሳቸው ከታች። መልስ አይሰጡም። «ሰምቻለሁ» ይላሉ፣ በቃ።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የዲንካና የኑዌር ወታደሮች ተከፋፍለው ተኩሱ ተጀመረ። ለብዙ ቀን ከቤቴ አልወጣሁም። ስወጣ ሙኑኪ ሌላ ሰፈር ሆና ጠበቀችኝ። ኑዌሮቹ አባሎቻችን በሙሉ ከተማው ዳር ወዳለው የተፈናቃዮች ካምፕ ሸሽተዋል፤ ከዚያ ወጥተው በከተማው መሄድ አይችሉም። የቀሩት፣ ዲንካውም የኤኳቶሪያ ክፍለ ሀገር ሰውም፣ እነሱም የየራሳቸውን ሐዘን ይዘው ከዛፉ ሥር ተራርቀው ይቀመጣሉ። ጉባኤያችን ለሁለት ተቆረጠ። ጋትዌች ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ካምፕ ገብቷል። ታናሽ ወንድሙ ቱት ግን ተገድሏል።

የካቲት ላይ የመግቢያ ወረቀት ተገኘና ከሙዜ ጋር ካምፑ ሄድን። ስብከቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሦስት ሌሊት የደከምኩበት፣ ስለ ይቅርታ የሚናገር፣ እኔ እንኳ ሳነበው ያስለቀሰኝ ጽሑፍ ነበር። ገበያ ውስጥ በለቀምኩት የጁባ ዓረብኛ ነው የሰበክሁት። ሸራ ሥር ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ጋትዌች ከፊት ነው። ጽሑፌን ስተረጉም ይቅርታ ለሚለው ቃል በአፌ የመጣልኝ ማሌሽ ነው። ገበያ ውስጥ ሰው ሲጋፋህ ማሌሽ ይልሃል፤ ሻይ ሲደፋብህ ማሌሽ። እኔ ያንን ቃል ደጋግሜ «ለበደሏችሁ ማሌሽ በሉ» እያልኩ ሰበክሁ።

የመልስ ሰዓት ሲደርስ ጋትዌች ተነሣ። የተናገረው በአማርኛ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይገባው ይሆናል።

«ቲቸር፣ ማሌሽ እኮ እግር ለረገጠ ሰው ነው የሚባለው።»

ወጣ። የተናገረው ያልገባቸውም ፊቱን አይተው ተከትለውት ወጡ። ሸራው ሥር እኔ፣ ሙዜና ሦስት አሮጊቶች ቀረን።

ስንመለስ መንገድ ላይ ሙዜ «ሐሙስ ለማን አነበብሽው?» አሉኝ።

«ለማንም።»

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማስተማር ከጀመርኩ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ሙሾ ሊወርድለት የሚገባ ሰው ፊት ቆሜ ያማረ ድርሰት አነበብኩ። ቃሉ ብቻ አይደለም የተበላሸው። ቤቴ ገብቼ ላጲስ ብይዝ ኖሮ ከዚያ ስብከት አንድ መስመር እንኳ አይተርፍም ነበር።

መሄዴን ግን አላቆምኩም። ማላኪያ ገበያ ላይ ሩዝና ዘይት በጅምላ የሚሸጡ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው አሉ። ለካምፑ ሱቆች ዕቃ የሚጭን ፒካፕ ነበራቸውና ረቡዕ ረቡዕ ከሹፌሩ አጠገብ ያስቀምጡኛል።

«እህቴ» ይሉኛል እየሳቁ፣ «ከሦስት ወደ አንድ ወርደሻል። ትንሽ ገፋ ብታደርጊ እኛ ጋ ትደርሻለሽ።»

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ካምፕ ልድረስ» እላቸዋለሁ።

ካምፕ ደርሼ አልሰበክሁም። ልጆች ሰበሰብኩ። መጽሐፍ የለም፣ ሰሌዳ የለም፤ ስለዚህ ትምህርቱን ገለበጥኩት። እነሱ እንዲጠይቁ፣ እኔ እንድጽፍ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ጋትዌች ከሩቅ ያየኛል፣ አይጠጋም። በአራተኛው ረቡዕ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ተነሥታ «እግዚአብሔር አንድ ከሆነ የማን ወገን ነው? የእኛ ነው የእነሱ?» አለች።

«አላውቅም» አልኩና ጻፍኩት። «ሙኑኪ ያሉትን ልጠይቅልሽ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ጠይቂያቸው።»

እሑድ ጥያቄውን ሙኑኪ ላይ አነበብኩት፤ ምንም ሳልጨምር፣ ማን እንደጠየቀች ብቻ ተናግሬ። ከዚያ ማማ አቾል እጇን አነሣች። ያቺ ሰባኪ የምትሞግተው ቲማቲም ሻጭ ናት፤ የቦር ከተማ ዲንካ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት። በዚያው ጦርነት ቦር ላይ ልጇን ቀብራለች።

«ኡስታዛ» አለችኝ፣ መምህርት ማለቷ ነው፣ «ይህቺን ልጅ እኔ እመልስላታለሁ።»

አቾል ማንበብና መጻፍ አትችልም። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ስንት ወር ለፍተን ሐሳቧ እየተበታተነ አስቸግሮን ነበር። በዚያ ሳምንት መፍትሔው ከገዛ ሙያዋ ተገኘ። ቲማቲም በመደብ በመደብ ትደረድራለች አይደል? አራት ቲማቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንድ። ተናግራ ስትጨርስ ያንን ወደ ጎን ትገፋለች። ያልተገፋ ካለ ያልተነገረ አለ ማለት ነው። ሐሙስ ዕለት ሙዜ «ይህን የማይወደው ማነው?» ብለው ጠየቋት። «ታላቁ ልጄ» አለች። ሄዳ ነገረችው። ተቆጣት። ተመልሳ አንዱን ቲማቲም ቀየረች።

ስትሰብክ እኔ እየጻፍኩ ነበር።

«ሰባት ወልጃለሁ» አለች። «ሲጣሉ እያንዳንዱ ማማ የኔ ናት ይላል። እውነታቸውን ነው፣ የሁሉም ነኝ። ድንጋይ ከወረወረው እጅ ጋር ግን ቆሜ አላውቅም፤ የገዛ ልጄም እጅ ቢሆን። ቦር ላይ አንዱን ቀብሬያለሁ። ይህቺ ልጅ ማንን እንደቀበረች አላውቅም። ትንገረኝ፣ እኔም እነግራታለሁ።»

ረቡዕ ይህንን ካምፕ አነበብኩት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ሰማችኝ። አዋቂዎቹም አንድ በአንድ ተጠጉ። ጋትዌች ሳላየው ከኋላ ቆሞ ኖሯል።

«ማነው ያለው?»

«አቾል።»

«ቲማቲም የምትሸጠው አቾል?»

«እሷ።»

«ወረቀት ይኖርዎታል፣ ቲቸር?» አለ።

የጻፈው በአማርኛ ነው። ትምህርት ቤት የተማረበት ቋንቋ ነው፤ ሐዘኑን መጻፍ የቀለለውም በእሱ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ተመለስኩ።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ቦርሳዬን ፈተሸ። ፊደሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ዲ ሹኑ? ምንድን ነው ይሄ? ምስጢር ነው?»

«ስብከት ነው።»

«አንብቢው።»

የሐጂ ሹፌር መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት ብቻ ያያል። እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ውስጡ ያለውን አውቃለሁ፤ ቱት የት እንደተገደለ ይናገራል። ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ እየገለበጥኩ የማነበው እኔ ነኝ፤ የፈለግኩትን ብዘል፣ ስለ ገነት አበባ ብፈጥር ማንም አያውቅብኝም። አስቤውም ነበር። ግን አንድ ጊዜ የጋትዌችን ሐዘን በተሳሳተ ቃል ተርጉሜ ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ያለውን እንዳለ አነበብኩ።

«ወንድሜ ቱት ይባላል። ሙኑኪ ውስጥ ሞተር ሳይክል ይጠግን ነበር። እጁ ዘይት ስለማይለቀው እናታችን እንጀራውን ለብቻ ትሰጠው ነበር። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ የማን እንደሆነ ይናገራል። ሲገድሉት መፍቻ በእጁ ነበር። እኔ ይቅር አላልኩም። ይቅር በል የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ስሙን ይወቅ።»

ወታደሩ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። መሬት መሬት ያያል። «ከዚያስ?» አለ።

«እስካሁን የጻፈው ይኸው ነው።»

ወረቀቱን ራሱ አጠፈና ሰጠኝ። «ያላ፣ ሂዱ።» በሚቀጥለው ረቡዕ ስናልፍ ቦርሳዬን አልነካም። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ «የዚያ የመካኒኩ ወንድም ቀጣዩን ጻፈ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ እዚያ ኬላ ላይ እሱ ተረኛ በሆነ ቀን ሁሉ ስብከት አንብቤያለሁ። በሕይወቴ እንደሱ ቶሎ የሚጠይቅ ተማሪ አልገጠመኝም።

የጋትዌችን ስብከት ሙኑኪ ላይ ማን ይናገረው? እኔ ላንብብ ብዬ ነበር። ሙዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቾል «እኔ» አለች። ሦስት ቀን ከሱቋ አጠገብ ተቀምጬ እያነበብኩላት በቃሏ ያዘችው። እሑድ ቆመችና «ይህ ቃል የጋትዌች ነው፤ አፉ ብቻ የእኔ» ብላ ጀመረች። አንዲት ልጇን የቀበረች ዲንካ እናት፣ የአንድ ኑዌርን ሐዘን፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ ተናገረች።

የመልስ ሰዓት ሆነ። አንድ ቦዳቦዳ ነጂ ተነሥቶ «የኔን ፍሬን የሠራልኝ እሱ ነው። ሁለት ጊዜ» አለ። አንዲት ነርስ ቀጠለች፤ ሞተሯ በዝናብ ጭቃ ውስጥ ተበላሽቶ ቱት በእግሩ መጥቶ አስነሥቶላታል። አቾል ራሷ፣ አንድ ቀን ቲማቲሟን በሳጥን ጭኖ ገበያ እንዳደረሰላትና ሳጥኑን ሲያወርድ አንዱን ቲማቲም ገምጦ «ጨው የለሽም?» እንዳላት ተናገረች። ሰው ሳቀ። ከተኩሱ ወዲህ እዚያ ዛፍ ሥር የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። እኔ እየጻፍኩ ነው። ስምንት ገጽ ሞላ።

ረቡዕ ጋትዌች ስምንቱን ገጽ ቆሞ ማንበብ ጀመረና ግማሽ ላይ ሲደርስ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ቲማቲሙ ጋ ሲደርስ በአፍንጫው ሳቀ፤ ወዲያው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲነሣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ቲቸር፣ የቅዳሜው ክፍል ስንት ሰዓት ነበር የሚጀምረው? እዚህም ይኑረን።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። እኔ ቅዳሜ ሙኑኪ፣ ረቡዕ ካምፕ። ካምፕ የተሰበከው ሙኑኪ ይሰበካል፣ የሙኑኪውም ካምፕ፤ ሁልጊዜ በሌላው አፍ። ደንቡ አንድ ነው፤ የሰውየውን ቃል አትቀንስም፣ አታሳምርም። መልሱንም ይዤ እመለሳለሁ። ከዚህ ሌላ ያስተማርኳቸው ጥቂት ነገር ነው። ከአሥር ደቂቃ አይለፍ። በዓይንህ ያየኸው አንድ ነገር ይኑርበት። ሌሎቹን ሳትጠይቅ «እኛ» አትበል። ያችን የካቲት ላይ የሰበክሁትን ደግሞ እንደ ማስተማሪያ አቀርባት ነበር፤ ተማሪዎቼ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ሲነቅሱልኝ ምሕረት አያውቁም። እየተጎዳሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። መንገዱ በጭቃ የተዘጋባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ወባ የጣለኝም ጊዜ ነበር። የካምፑ ክፍል ግን አንድም ጊዜ አልተበተነም። ያቺ «የማን ወገን ነው?» ያለችው ልጅ የትንንሾቹ አስተማሪ ሆነች። ከሦስቱ አሮጊቶች ሁለቱ ሰባኪ ወጣቸው። አቾል ስሟን መጻፍ ተማረች፤ ከዚያ የጋትዌችን ስም፤ ከዚያ የቱትን።

በኅዳር 2008 ሁለቱ ወገኖች እንዴት በአካል እንደሚገናኙ ጉባኤው ሊወስን ተሰበሰበ። ነገሩ ትንሽ ረግቧል ይባል ነበር። የካምፑ ሰዎች መውጣት ገና ይፈራሉ። አቾል ተነሣች።

«እነሱ መምጣት ካልቻሉ እኛ እንሂድ።»

ሰው ተንጫጫ። አንዲት ዲንካ ሴት እዚያ ካምፕ ስትገባ ምን እንደሚደርስባት ማን ያውቃል? ታላቁ ልጇ «ትሞቻለሽ» አላት። «ወደ ሁለት ዓመት ቃሌ እዚያ ሲገባ ማንም አልነካውም» አለች። «እኔንም አይነኩኝም።»

አንድ ሚኒባስ ተከራየን። ሐጂ ሰይድ አንድ ጆንያ ሩዝ ጨመሩበት። ካምፑ በር ላይ አቾል ቀድማ ወረደች፤ ልብሷ የእሑድ ልብሷ ነው። ጋትዌች በሩ ላይ ቆሟል። ከተኩሱ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። እሱ ጎንበስ አለ፣ እሷ በሁለት እጇ ራሱን ያዘች፣ እንደዚያው ሆነው ቆዩ። ከኋላቸው የካምፑ ሴቶች እልል አሉ።

ያን ቀን የሰበከው ጋትዌች ነው፤ በገዛ አፉ፣ ለሁለቱም ወገን፣ በጁባ ዓረብኛ። እግዚአብሔርም አንዳንዴ ከሰው ክፋት የተነሣ ይደክመዋል አለ። ጨርሶ ሳይቀመጥ አቾል ተነሥታ ነበር።

«አልስማማም! የሚደክመው አምላክ አምላክ አይደለም። የደከመው አንተ ነህ!»

«እናትስ አይደክማትም?» አላት ጋትዌች።

«እናት ደክሟት ትነሣለች!»

ከዚያ ማን ያቁማቸው! አሮጊቶቹ ከአቾል ጋር ሆኑ፣ ነርሷ ከጋትዌች፣ ቦዳቦዳ ነጂው ከሁለቱም ጋር ተጣላ። ዲንካና ኑዌር እየተጯጯሁ ይከራከራሉ፣ የሚከራከሩት ግን ስለ እግዚአብሔር ድካም ነው። ሙዜ ኦኬሎ አጠገቤ ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ይስቃሉ። ማንም ወደ እኔ ዞሮ ተርጉሚልን፣ ጻፊልን አላለም። ማስታወሻ ደብተሬ እንኳ አልተከፈተም።

እኔም የምለው ነገር መጣልኝ። እጄን አወጣሁ። ጋትዌች ከመድረኩ አየኝና ፈገግ አለ።

«ተራዎን ይጠብቁ፣ ቲቸር። ከፊትዎ አራት ሰው አለ።»

ጠበቅኩ።